ምስጋና ለድሬስ ኮዱ

ቅዳሜ ማታ ቦሌ አንድ ላውንጅ በር ላይ ከአጎቴ ጋር አርባ ደቂቃ ተገትሬ ስለነበር ነው ይሄንን ምስጋና የምጽፈው። መቼም ለናንተም ደርሷችኋል፣ ያ በቴሌግራም የሚላከው ጥቁር ካርድ በወርቅማ ጽሑፍ «ድሬስ ኮድ፦ 1920ዎቹ፣ የጃዝ ዘመን፣ ካለ አለባበሱ መግባት አይቻልም» የሚለው። ድሮ ለልደት የተጠራ ሰው ሆዱን ይዞ ነበር የሚሄደው፣ አሁን ተመስገን ነው ላባም ጨምሩበት ተብለናል።

እኔ ይሄንን ነገር ያመጡልንን ሰዎች ከልቤ ማመስገን እፈልጋለሁ፣ ስንት ነገር አስተማሩን። ለምሳሌ መርካቶ ቦንዳ ሲፈታ ተጋፍታ አንድ ቀሚስ የምታነሳ ልጅ ሳልባጅ ለባሽ እንደሆነች፣ ያንኑ ቀሚስ አጥባ ተኩሳ ኢንስታግራም ላይ በአስር እጥፍ የምትሸጠው ደግሞ ቪንቴጅ ስታይሊስት እንደሆነች ከነሱ ነው የተማርነው። ልብሱ ያው ነው፣ ብብቱ ላይ ያለችው ቀዳዳ እንኳን ያችው ነች፣ ስሟ ነው የተለወጠው።

ደሞ እኮ ዝም ብለው አይኮርጁም፣ ያሻሽላሉ። በዚያ ዘመን የፈረንጅ ሴቶች ወገብ የሚያንቀውን ኮርሴት አውልቀው ጣሉ፣ ፀጉራቸውን አጭር ተቆረጡ፣ ቀሚሱ ከወገብ ወረደና ሰው መተንፈስ ቻለ። የኛዎቹ ግን ከዘርፋሙ ቀሚስ ስር ሼፐር ለብሰው ቁጭ ማለት አቅቷቸው ሌሊቱን በሙሉ ቆመው አደሩ። የፈረንሳይ ፋሽን ዲዛይነሯ ኮኮ ሻኔል የውሸት ሉል ደርድራ አርቴፊሻል ጌጥን ፋሽን አደረገች፣ የኛዎቹ ከመርካቶ የገዙትን «ዱባይ ነው፣ ኦሪጅናል ነው» ብለው ይምላሉ። አሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 መጠጥ ክልክል ነበር፣ ስለዚህ ለዘመኑ ታማኝ እንሁን ብለው ውስኪውን በሻይ ስኒ ደብቀው አቀረቡ፣ ቢሉን ግን አልደበቁትም።

የልደቱን ፎቶ ለአያቴ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ አተኩራ አየች፣ ግንባር ላይ ላባ፣ እስከ እምብርት የወረደ ጨሌ፣ ትከሻ የሚርገፈገፍ፣ ባንድ ረዥም እንጨት ሲጋራ የሚጨስ። «ውይ ልጄን፣ መቼ ነው የወረደባት?» አለች። ትንሽ አሰብ አድርጋ ደግሞ «ምንድን ነው የሚለው፣ ገብስማ ዶሮ ነው ቀይ?»

ወደ አጎቴ ልምጣ። አጎቴ ጡረታ የወጣ ሂሳብ ሹም ነው፣ በቁጥር አይቀልድም። ካርዱ 1920ዎቹ ይላል፣ 1920 ማለት ለሱ የአባቱ ወጣትነት ነው፣ በቃ። ሳጥን ተከፈተ፣ ናፍታሊኑ ተራገፈ፣ የአያቴ ባል በርኖስ ወጣ፣ እጀ ጠባቡም ከነተፈሪ ቦላሌው ወጣ፣ ጭራ ተያዘና እኔ በዘርፍ እሱ በበርኖስ ሆነን ላዳ ተሳፈርን።

በሩ ላይ ሱሪ ማንገቻ ያደረገ ልጅ አስቆመን።

«አባባ ይቅርታ፣ ባህላዊ አይቻልም፣ 1920ዎቹ ነው።»

«ይሄ እኮ 1920 ነው።»

«አይ፣ የፈረንጅ።»

«የፈረንጅ 1920 በኛ ስንት ነው?»

ልጁ ዝም። አጎቴ ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣ። (እስክሪብቶ ሲያወጣ ነገር አለቀ፣ እኔ ጫማዬን አውልቄ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።) «1912 ነው፣ ከመስከረም በኋላ ከሆነ 13። ማን ነበር ዘውድ ላይ?» ልጁ አሁንም ዝም። «ዘውዲቱ! ያኔስ በርኖስ አልነበረም? ነበር። እሺ በኛ ቁጠረው፣ የኛ 1920 በነሱ ሃያ ሰባት ነው፣ ሃያ ስምንት ቢሆን ነው፣ ያውም ጃዝ ነው። በ23 ጃንሆይ ሲነግሡ የዓለም ፈረንጅ እዚህ አልመጣም? መጥቷል። በነሱም ቁጠር በኛም ቁጠር እኔ ውስጥ ነኝ። አንተ ነህ የሌለኸው፣ ይሄ ያደረግከው ሰዓት ቻርጅ አይደረግም?» ከኋላችን ሰልፉ ረዘመ፣ አንዲት ላባዋ የተሰበረባት ልጅ «አባባ ልክ ናቸው» አለች፣ ሌላው ስልኩን አውጥቶ ዘመን የሚቀይር አፕ ይፈልጋል፣ አጎቴ አፑን ሳይጠብቅ ጳጉሜን ማስረዳት ጀመረ፣ ስድስት የምትሆንበትን ዓመት ጭምር፣ ከዚያ ልጁ ሥራ አስኪያጅ ጠራ፣ ሥራ አስኪያጁም ጳጉሜን ተማረ።

በመጨረሻ ዲኮሯን የሠራችው ልጅ ወጣች። «ዋው! እኚህ ማናቸው? ግራሞፎኑ ጋ ይቁሙልን፣ ለፎቶ።» ገባ። ወንበር ግን አልተሰጠውም።

ከግራሞፎኑ በላይ ግድግዳው ላይ በመብራት «ኮተን ክለብ» ተጽፏል። ኮተን ክለብ ምን እንደነበር የጠየቀ አንድ ሰው አለ? ኒውዮርክ ሃርለም ውስጥ፣ ጥቁር ሰፈር መሃል፣ ጥቁሮች የሚጫወቱበት፣ የሚጨፍሩበት፣ ሳህን የሚያነሱበት ቤት ነበር፣ ጥቁር እንግዳ ሆኖ ግን አይስተናገድም፣ ጠረጴዛው ለነጭ ነው። የጃዝ ፒያኒስቱ ዱክ ኤሊንግተን እዚያ መጫወት የጀመረው በነሱ 1927 ነው፣ በኛ ኅዳር 1920፣ አዎ በአጎቴ 1920። ያ ሰው አርጅቶ በኛ 1966 አዲስ አበባ መጥቶ ጃንሆይ የሸለሙት ሰው ነው። እና እናንተ ያንን በር ከነክፋቱ ለልደት አስጌጣችሁት! የሰባ ስድስት ዓመት ሽማግሌ፣ የልደተኛዋ የገዛ አጎቷ፣ በእንግድነት አትገባም በጌጥነት ግባ ተባለ! አንድ ሰው አላፈረም፣ እኔም ጭምር፣ ፎቶ እያነሳሁ ነበር።

ለዘመኑ ታማኝነት ከተባለ ግን ከሻይ ስኒው ይልቅ ይሄኛው ነው የተዋጣላቸው፣ ሊመሰገኑ ይገባል።

ዛሬ ጠዋት ልደተኛዋ ደወለች። ፎቶውን ሰው ሁሉ ወዶታል፣ የሚቀጥለው ወር የጓደኛዋ ሠርግ ዋዜማ ስለሆነ አጎቴ እንዲመጣላት ትፈልጋለች፣ ድሬስ ኮዱ 1960ዎቹ ነው። ነገርኩት። ጋዜጣውን አጠፈና ዝም ብሎ ቆየ።

«የማን ስልሳዎቹ?»

«አልጠየቅኳትም።»

«ጠይቂያት። በነሱ ከሆነ ሱፍ አለኝ፣ እመጣለሁ። በኛ ከሆነ ግን ይቅርብኝ ብሏል በያት።»