ሶምሶማን ማን ሻረው?

ባለፈው ሳምንት እዚህ ደብረ ብርሃን አንድ የስፖርት ማዘውተሪያ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። በሳምንት ሦስት ማለዳ ይደረግ የነበረው የወጣቶች የጋራ ሶምሶማ ቀርቷል ይላል። በምትኩ አዳራሽ ውስጥ "ዘመናዊ ኢንተርቫል"፣ ማለትም በኃይል እየሠሩ በየመሃሉ ፋታ የሚወስዱበት ልምምድ፣ ተጀምሯል። የወር ክፍያው ከታች በቀይ ተጽፏል። የእህቴ ልጅ እዚያ ስፖርት ስለሚሠራ አብሬው ገባሁ። አሠልጣኙ ማይክ ይዞ እንዲህ አለ፦ "አራት ደቂቃ ታባታ የአንድ ሰዓት ሶምሶማን ይተካል። ሶምሶማ የሽማግሌ ስፖርት ነው። ይኼ በጥናት የተረጋገጠ ነው።"

ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔ ጋቢዬን ሰብስቤ ወጣሁ። ያናደደኝ "የሽማግሌ" መባሉ አይደለም። እሺ፣ እሱም ትንሽ አናዶኛል። ያቃጠለችኝ ግን "በጥናት የተረጋገጠ" የምትለዋ ናት።

ጥናቱ እኮ የተደበቀ ነገር አይደለም። ታባታ የሰው ስም ነው፤ ጃፓናዊው ኢዙሚ ታባታ። እሱና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት ስፖርት የለመዱ ወጣት ተማሪዎችን በሁለት ቡድን አሠሩ። አንዱ ቡድን በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 60 ደቂቃ፣ በመካከለኛ ጉልበት የቤት ውስጥ ብስክሌት ነዳ። ሌላው 20 ሰከንድ ያለ የሌለ ኃይሉን ያወጣል፣ 10 ሰከንድ ያርፋል፤ ይህን ሰባት ስምንት ዙር ይደጋግማል። ከ6 ሳምንት በኋላ ቪኦቱ ማክስ፣ ማለትም ሰውነት በደቂቃ ሊጠቀምበት የሚችለው ከፍተኛው የኦክስጅን መጠን፣ በሁለቱም ቡድን አደገ። በመጀመሪያው በኪሎ 5 ሚሊ ሊትር ያህል፣ በሁለተኛው 7። ያለ ኦክስጅን የሚሠራው አቅም ደግሞ በኢንተርቫሉ ቡድን ብቻ 28 በመቶ ጨመረ። ይኼን አልክድም። ደስ የሚል ውጤት ነው።

ግን አሠልጣኙ የዘለላት አንዲት መስመር አለች። የኢንተርቫሉ ቡድን ኢንተርቫል ብቻ የሠራው በሳምንት 4 ቀን ነው። በአምስተኛው ቀን ምን ሠራ? መጀመሪያ 30 ደቂቃ በመካከለኛ ጉልበት ነዳ፣ ከዚያ 4 ዙር ብቻ ጨመረ። ሶምሶማን ገደለ የተባለው ጥናት ራሱ በሳምንት አንድ ቀን በብስክሌት የሚሠራ ሶምሶማ መሳይ ልምምድ ውስጡ ነበረበት። ታዲያ ማን ማንን ተካ?

ሌላም አለ። የእነዚያ ተማሪዎች ጉልበት በማሽን ተለክቶ የተሰጠ ነው፤ ቪኦቱ ማክስ ላይ ከሚያደርሰው ጉልበት 170 በመቶ። ዙሮቹ ሲያልቁ ፔዳሉን በዚያ ፍጥነት መግፋት ያቅታቸዋል። እኔ አዳራሹ ውስጥ ያየሁት ልጅ ግን በአንድ እጁ ስልኩን ይዞ ራሱን እየቀረጸ ቁጭ ብድግ ይል ነበር። ራሱን መቅረጽ የሚችል ሰው 170 በመቶ ላይ አይደለም። 70 ላይ መድረሱንም እጠራጠራለሁ። ያ ልጅ የሠራው የታባታን ሰዓት እንጂ የታባታን ሥራ አይደለም።

ኢንተርቫልን ለመደገፍ የኖርዌዮቹ ጥናት ይሻል ነበር፤ ግን አሠልጣኙ አልጠቀሰውም፤ እኔ ልጥቀስለት። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ነው። 8 ሳምንት፣ በሳምንት 3 ቀን። 4 ደቂቃ ጠንከር አድርገው ሮጠው 3 ደቂቃ ቀለል እያሉ፣ አራት ጊዜ የደገሙት ወጣቶች ቪኦቱ ማክሳቸው 7.2 በመቶ አደገ። 45 ደቂቃ በቀላሉ የሮጡት ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። ነጥቡን ተቀብያለሁ። ነገር ግን የዚያ ኢንተርቫል አንድ ልምምድ ማሟሟቂያው፣ ፋታውና ማቀዝቀዣው ሲደመር ወደ 40 ደቂቃ ይጠጋል። በፋታው ላይ ምን ነበር የሚያደርጉት? ሶምሶማ። ማሟሟቂያውስ? ሶምሶማ። አራት ደቂቃ የምትባለዋ ተአምር የት እንዳለች እስካሁን አላገኘኋትም።

ቃሉም ራሱ እኮ ኢንተርቫል ማለት በመካከል ያለው ፋታ ማለት ነው። ኤሚል ዛቶፔክ እ.ኤ.አ. በ1952 ሄልሲንኪ ላይ 5,000፣ 10,000 እና ማራቶን በአንድ ኦሊምፒክ ያሸነፈው 400 ሜትርን እየደጋገመ ሠርቶ ነው። በእያንዳንዱ 400 መካከል ግን ዱብ ዱብ ይል ነበር። የኢንተርቫል ንጉሥ የሚባለው ሰውዬ ሶምሶማውን አልናቀም። የኛ አዳራሽ ናቀው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ታባታ 6 ሳምንት። ኖርዌዮቹ 8 ሳምንት። ካናዳውያኑ እ.ኤ.አ. በ2006 30 ሰከንድ በሙሉ ኃይል የሚነዳ ኢንተርቫልን ከረጅሙ ልምምድ ጋር እኩል ያገኙበት ዝነኛ ጥናት ደግሞ 2 ሳምንት። ሁለት ሳምንት! በሁለት ሳምንት እኔ አዲስ ጫማ እንኳን አላለማምድም። ለስድስት ሳምንት ሰው ምን አይሠራም? አጥኚው ቆሞ እያየህ፣ ጓደኛህ እየጮኸልህ፣ መጨረሻው ቀን ተቆርጦ እየታወቀ፣ ማንኛውም የሃያ ዓመት ልጅ ደም ደም የሚል ጉሮሮ ይታገሣል። ጥያቄዬ በሰባተኛው ሳምንት ማን ይመጣል ነው። በሰባተኛው ዓመትስ?

የእህቴን ልጅ ልንገራችሁ። በሶምሶማው ጊዜ 12 ሰዓት ሳይሞላ በሬን ያንኳኳ ነበር። አሁን ሦስተኛ ቀኑ ላይ "ጋሼ፣ ዛሬስ አልሄድም፤ እግሬ አለቀቀኝም" አለኝ። ሦስተኛ ቀኑ ላይ! ልጁ ሰነፍ አይደለም። ከከተማችን ጠባሴ ሰፈር ተነስተን በአንኮበር መንገድ አንድ ሰዓት ስንሮጥ አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም። ለምን? እያወራ ስለሚሮጥ ነው። ስለ ፈተናው፣ ስለ አርሰናል፣ ስለ አንዲት ልጅ። ሣሩ ላይ ውርጭ ተኝቷል፣ ከአፋችን እንፋሎት ይወጣል፣ አንዱ ይቀልዳል፣ አንዱ ይስቃል። መካከለኛ ጉልበት ማለት ያው ይኼ ነው፤ ማውራት ትችላለህ፣ መዝፈን ግን አትችልም። አዳራሹ ውስጥ ማን አወራ? ሙዚቃው ሰው አያሰማማም።

ሰው የሚጸናው ደስ በሚለው ነገር ነው። በሦስተኛው ዙር እያስመለሰው የሚጸና ስንት አለ? ኢንተርቫል ከሶምሶማ የበለጠ ያስደስታል የሚል ጥናትም አለ፤ ይበል። አጥኚዎቹ የጠባሴን ጠዋት አላዩም።

ደግሞ ይኼ አገር ሜዳ አይደለም። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከሩብ በላይ ሳስቷል። ሶምሶማ ብለህ ትነሳለህ፣ ዳገቱ ሲመጣ ልብህ ሳይፈቀድለት ኢንተርቫል ይገባል፤ ቁልቁለቱ ፋታ ይሰጥሃል። ስዊድናዊው ጎስታ ሆልሜር በ1930ዎቹ ፋርትሌክ ብሎ ያስተማረው ፍጥነትን በሜዳና በጫካ እያለዋወጡ መሮጥ ነው። እኛ መንገዱ በነፃ ያለዋውጥልናል። ጣርማ በር ላይ ሽቅብ አንዴ ሮጦ የሚያውቅ ሰው ማንም ኢንተርቫል አይሸጥለትም።

"ወጣቱ ጊዜ የለውም" የሚሉም አሉ። እንዴ! የትኛው ወጣት? ከአዳራሹ ወጥቶ ካፌ አንድ ማኪያቶ ይዞ ሁለት ሰዓት ቲክቶክ የሚያየው? እንዲያውም አዳራሹ ድረስ ሄዶ፣ ልብስ ቀይሮ፣ ተራ ጠብቆ፣ አራቷን ደቂቃ ሠርቶ እስኪመለስ እኛ አንድ ዙር ሮጠን በሶ በጥብጠን ጠጥተናል።

እውነተኛ ሯጮችን ማየት ለፈለገ እንጦጦ ሩቅ አይደለም። ማለዳ ላይ ሰልፍ ይዘው ሲሮጡ አንዳንዴ በእግር ቢሄዱ የሚሻል ይመስላል፤ እንደዚያ ይዘገያሉ። ፊት ያለው ዘገም ካለ ከኋላ ያለው አይቀድመውም። እግር ከእግር ጋር እኩል ይወርዳል። በዓለም ታላላቅ የጽናት ስፖርተኞች ልምምድ ላይ የተሠሩ ትንተናዎችም የሚያሳዩት ከልምምዱ 80 በመቶ ያህሉ ቀላል መሆኑን ነው። ጠንካራው ቀን ጠንካራ የሚሆነው ሌሎቹ ቀናት ስለሚቀሉ ነው። ጅማት ደግሞ ከልብ ይልቅ ዝግ ብሎ ነው የሚጠነክረው። አሠልጣኛችን ግን ሰማንያውን ትቶ ሃያውን ይዞ ሦስቱንም ማለዳ አጠፋው። ለዚያውም ለገና ጀማሪዎች።

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ማክሰኞን ይውሰድ። ማክሰኞ ኢንተርቫል ይሁን፤ እኔም መጥቼ ሰዓት እይዛለሁ፣ እንደ ደንቡ ማሟሟቂያ ይኑረው፣ ስልክ ከበር ላይ ይቀመጥ። ሐሙስና ቅዳሜ ግን ወደ መንገዱ ይመለሱ። ለሁለቱ ቀን ክፍያ መጻፍ ስለማይቻል ይመስለኛል እስካሁን "እንመካከርበታለን" የሚባለው።

እስከዚያው ቅዳሜ 12 ሰዓት ከሩብ ጠባሴ እንገናኛለን። ባለፈው አምስት ነበርን፤ የእህቴ ልጅ እያነከሰም ቢሆን መጥቷል። ጓንት አትርሱ፤ ሰሞኑን ብርዱ አይቀልድም።