የአገረ ገዥው ብዕርና ጠመንጃ፦ ከቨርጂኒያ ምርጫ በፊት የተደረገ ክርክር

የቨርጂኒያ መራጮች ጥቅምት 25 ቀን 2018 ዓ.ም. (ኖቬምበር 4 ቀን 2025) አዲስ አገረ ገዥ መርጠዋል። የተፎካከሩት ዴሞክራቷ አቢጌል ስፓንበርገርና ሪፐብሊካኗ ዊንሰም ኧርል-ሲርስ ነበሩ። በአሌክሳንድሪያ፣ በአርሊንግተንና በፌርፋክስ ዜግነት አግኝተው የሚመርጡ ኢትዮጵያውያን ብዙ ስለሆኑ ከምርጫው በፊት ለሁለት ነዋሪዎች አንድ ጥያቄ አቅርበንላቸው ነበር፦ መራጭ የእጩዎቹን የጦር መሣሪያ አቋም ከሌላው ጉዳይ ሁሉ ሊያስቀድም ይገባዋል ወይ? አዎን ያሉት በሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የሚሠሩ ነርስ ናቸው። አይገባም ያሉት ደግሞ በፕሪንስ ዊሊያም ካውንቲ እስከ እኩለ ሌሊት የሚሠራ ሱቅ ባለቤት ናቸው። የተናገሩት የዚያን ጊዜውን ሁኔታ ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም፣ ከ1969 ዓ.ም. በቀር፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ነርሷ፦ ምርጫ ሲመጣ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ መኪና ግብርና ስለ ቤት ኪራይ መነጋገራችን ተገቢ ነው። እኔ ግን የጦር መሣሪያን አስቀድማለሁ። በቨርጂኒያ በዚህ ጉዳይ ሕግ የሚሆነውንና የማይሆነውን የሚወስነው የአንድ ሰው ፊርማ ስለሆነ ነው። በ2024 የግዛቱ ምክር ቤት ለጦር ሜዳ የተሠሩ የሚመስሉ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃዎችንና በመሣሪያው ላይ የሚሰኩ፣ ከ10 በላይ ጥይት የሚይዙ ካዝናዎችን ሽያጭ የሚከለክል ሕግ አጸደቀ። አገረ ገዥ ግሌን ያንግኪን ሻሩት። በ2025 ምክር ቤቱ እንደገና አጸደቀ፤ እርሳቸውም እንደገና ሻሩት። የተሻረን ሕግ ለመመለስ በሁለቱም ምክር ቤቶች የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ዴሞክራቶቹ ግን ያላቸው ብልጫ እጅግ ጠባብ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ በግዛቱ ዋና ከተማ በሪችመንድ በሚገኘው የአገረ ገዥው ጠረጴዛ ላይ ያልቃል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ግን የጠመንጃው እገዳ መሻር አይደለም። በ2024 የጸደይ ወራት በአንድ ቀን ከተሻሩት 30 ረቂቆች አንዱ፣ ያላገባትንና አብሯት የማይኖረውን ፍቅረኛውን ደብድቦ የተፈረደበት ሰው መሣሪያ እንዳይዝ የሚከለክል ነበር። ለሚስቱ ይህ ጥበቃ በግዛቱ ሕግ አላት። ፍቅረኛው ብቻ ከሆነች ግን የላትም። ሥራዬ በቃሬዛ የሚመጡትን መቀበል ነው። የተደበደበች ሴት ስትመጣ ደብዳቢዋ ባሏ ነው ወይስ ጓደኛዋ ብለን አክመን አናውቅም፤ ቁስሉ ልዩነት የለውምና። በሁለተኛው ጉብኝቷ በጥይት ተመትታ ስትመጣ ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ ያየ ሰው፣ ይህን ረቂቅ መሻር እንደ ተራ የፖለቲካ ውሳኔ ሊያየው አይችልም። የፌዴራሉ መንግሥት በ2022 ባወጣው ሕግ ክፍተቱን በከፊል ዘግቷል። «በከፊል» የተባለው ግን ለአካባቢ ፖሊስና ለአካባቢ ዐቃቤ ሕግ ብዙ ቀዳዳ ይተዋል።

ስፓንበርገር በኮንግረስ ሳሉ፣ በጁላይ 2022፣ የእነዚህን ጠመንጃዎች እገዳ ደግፈው ድምፅ ሰጥተዋል። ኧርል-ሲርስ በ2021 ለምክትል አገረ ገዥነት ሲወዳደሩ በሰፊው የተሰራጨው ፎቶግራፋቸው ጠመንጃ ታጥቀው የተነሡት ነው። አንዳቸው ይፈርማሉ፣ ሌላዋ ይሽራሉ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምርጫ በሌላ በየትኛው ጉዳይ እናገኛለን?

ባለሱቁ፦ እህቴ፣ ስለ ተደበደበችው ሴት ያሉትን አልከራከርም። ያ ረቂቅ ብቻውን ቢቀርብልኝ እደግፈው ነበር። ነገር ግን ለምርጫ የቀረበልን ያ ረቂቅ ብቻ አይደለም። በጦር መሣሪያ ክርክር ሁሉ ፊት የሚቆመው የጠመንጃው እገዳ ነው። ስለዚህ በእርሱ እንነጋገር።

ቨርጂኒያ በታሪኳ ካየቻቸው የከፉ ጭፍጨፋዎች ሁለቱን ልጥቀስ። በኤፕሪል 2007 በቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ 32 ሰዎች ተገደሉ። ገዳዩ የያዘው ሁለት ሽጉጥ ነበር። በሜይ 2019 በቨርጂኒያ ቢች የከተማው አስተዳደር ሕንፃ ውስጥ 12 ሰዎች ተገደሉ፤ እዚያም መሣሪያው ሽጉጥ ነበር። የቨርጂኒያ ቴኩ ገዳይ ፍርድ ቤት ለራሱ አደገኛ ነው ብሎ ሕክምና እንዲከታተል ያዘዘው ወጣት ሲሆን፣ ስሙ ግን መሣሪያ እንዳይሸጥላቸው በተመዘገቡት ሰዎች ዝርዝር ውስጥ አልገባም። ክፍተቱ የታየው የነበረውን ሕግ ባለማስፈጸም ነው። አገረ ገዥው ቲም ኬን ወዲያው በትእዛዝ ያስተካከሉትም ያንኑ ነው። አዲስ የጠመንጃ ዓይነት መከልከል ከዚያ ሁሉ ሬሳ አንዱንም አያድንም ነበር።

ሌላው ነገር የሕጉ መወላወል ነው። በወር ከአንድ ሽጉጥ በላይ መግዛትን የሚከለክለውን ሕግ አገረ ገዥ ዳግላስ ዋይልደር በ1993 አወጡ፤ በ2012 ቦብ ማክዶነል አነሡት፤ በ2020 ራልፍ ኖርዘም መለሱት። ቨርጂኒያ ውስጥ አገረ ገዥ ለሁለት ተከታታይ ጊዜ መመረጥ ስለማይችል፣ በየአራት ዓመቱ አዲስ ሰው ይመጣል፤ ሕጉም ሊዞር ይችላል። ምርጫ በቀረበ ቁጥር ሕዝቡ «ሳይከለከል ልግዛ» እያለ ወደ ሱቅ ይሮጣል። በጃንዋሪ 2020 በሪችመንድ ወደ 22 ሺህ የሚጠጋ ሰው ለተቃውሞ ሲወጣ፣ ከመቶ የሚበልጡ ካውንቲዎችና ከተሞች ደግሞ «ሕጉን አናስፈጽምም» እያሉ ሲወስኑ አይተናል። ግዛቱን ለሁለት የሚከፍል ጉዳይ ከሁሉ በላይ ሊቀመጥ አይገባውም።

ስለ ራሴም ልናገር። ሱቄን የምዘጋው እኩለ ሌሊት ነው። ከጎኔ ያለው ነዳጅ ማደያ ተዘርፏል። ፖሊስ ይመጣል፣ በደንብም ይሠራል፤ የሚመጣው ግን ከሆነ በኋላ ነው። ሽጉጤን የገዛሁት ፖሊስ ካጣራኝ በኋላ ነው፤ ሸጉጬ የምይዝበትንም ፈቃድ ያገኘሁት ከፍርድ ቤት ነው። ከዚህ የበለጠ ሕግ አክባሪ መሆን አልችልም። በየምርጫው ግን ጥፋተኛ ሆኜ የምቀርበው እኔ ነኝ።

የመጨረሻ ምክንያቴ ከዚህ አገር አይደለም። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቤት ለቤት አሰሳ ሲደረግ ልጅ ነበርሁ። «የጦር መሣሪያ ፍለጋ» ተብሎ በር ሲንኳኳ ምን እንደሚመጣ ቤተሰቤ ያውቃል። መንግሥት ማን መሣሪያ መያዝ እንዳለበትና እንደሌለበት ሲወስን ደሜ ይቀዘቅዛል። ይህን ስሜት ቨርጂኒያ የተወለደ ሰው ባይረዳልኝ አልፈርድበትም።

ነርሷ፦ ወንድሜ፣ የ1969ኙን አሰሳ ያነሡት ከልብዎ መሆኑ ይሰማኛል፤ በቤተሰቤም ያ ጠባሳ አለ። ነገር ግን ያን ጊዜ የሆነውን ሙሉውን እናስታውስ። ደርግ መሣሪያ ሲሰበስብ በዚያው እጁ ለቀበሌ አብዮት ጠባቂዎች መሣሪያ ያድል ነበር። ያለ ማጣሪያ፣ ያለ ፍርድ ቤት፣ ሚዛኑ ለማይታወቅ ጎረምሳ ሁሉ። በርዎን ያንኳኳው ያ ነበር። ሕግ የሚፈትሸው፣ ፍርድ ቤት የሚሽረው፣ በአራት ዓመቱ በድምፅ የሚሰናበት መንግሥት ከዚያ ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም። በዚህ ላይ የ2024ቱ ረቂቅ ቀደም ሲል በሰው እጅ ያለውን ጠመንጃ አይሰበስብም፤ የሚከለክለው ከጁላይ 2024 በኋላ የተሠሩትን መሸጥ ነው። በርዎን የሚያንኳኳ የለም።

ስለ ቨርጂኒያ ቢች የተናገሩት ደግሞ ከፊል ነው። መሣሪያው ሽጉጥ መሆኑ እውነት ነው፤ የተጠቀመበት ካዝና ግን ከመደበኛው በላይ ጥይት የሚይዝ ነበር። የተሻረው ረቂቅ የሚከለክለው ጠመንጃውን ብቻ ሳይሆን እንዲህ ዓይነቱን ካዝናም ጭምር ነው። ጥይት ሲያልቅ ካዝና የሚቀየርባት ጥቂት ሰከንድ ሰው የሚያመልጥባት ጊዜ ናት።

«ሕጉ ይወላውላል» ያሉት ለእኔ ክርክር ማስረጃ ነው እንጂ ለእርስዎ አይደለም። ሕጉ የሚወላውለው እኛ በምንመርጠው ገዥ ምክንያት ነው። ዋይልደር በ1993 ያንን ሕግ ያወጡት ከቨርጂኒያ ሱቆች በጅምላ የተገዙ ሽጉጦች በኒው ዮርክ የወንጀል ቦታዎች ስለተገኙ ነበር። ዛሬም በዋሽንግተን ዲሲ ተይዘው ምንጫቸው ከታወቀ መሣሪያዎች ትልቁ ድርሻ የቨርጂኒያ ነው። በሌሊት በዲሲ ታክሲ የሚነዱ ወገኖቻችን ድልድዩን ተሻግረው የሚገናኙት እዚህ ከተሸጠ ሽጉጥ ጋር ነው። ስለዚህ የምንመርጠው አገረ ገዥ ድምፅ ለማይሰጡትም ሰዎች ይተርፋል።

ሁላችንም ደግሞ የምንሸሸው አንድ ርዕስ አለ። በአሜሪካ በጦር መሣሪያ ከሚሞቱት ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። በእኛ ማኅበረሰብ ይህ አይነገርም። ቀብሩ ላይ «ድንገት አረፈ» ይባላል፤ ቤተሰቡ ሐዘኑን ከሐፍረት ጋር ይሸከማል። በመድኃኒት ራሳቸውን ለመጉዳት ከሞከሩ ሰዎች ብዙዎቹን እናተርፋለን፤ ቀኑ ያልፋል፣ ሰው ይመለሳል። በሽጉጥ ከሞከሩት የምናተርፈው ጥቂት ነው። በ2020 የወጣው የአደጋ መከላከያ ትእዛዝ ለዚህ ነው የተሠራው፦ ፖሊስ ወይም ዐቃቤ ሕግ ያመለክታል፣ መሣሪያው እስከ 14 ቀን ይያዛል፣ ከዚያም ፍርድ ቤት ሰውየውን ሰምቶ እስከ 180 ቀን ሊያራዝመው ይችላል። ሰውየው ወንጀለኛ አይባልም። በክፉ ቀኑ ሽጉጡ ከአጠገቡ ይርቃል፣ ያ ብቻ ነው።

ባለሱቁ፦ ስለ ራስ ማጥፋት ያሉትን በአክብሮት ሰምቻለሁ፤ ሊነገርም የሚገባው ነው። ሆኖም የዚያ ትእዛዝ የመጀመሪያው ደረጃ ሰውየው በሌለበት ይወሰናል። ወንጀል ያልሠራ ሰው መብቱን አጥቶ እስከ ሁለት ሳምንት ሊቆይ ከቻለ በኋላ ነው ቃሉን የሚሰጠው። እንግሊዝኛ በደንብ የማይናገር፣ ጠበቃ የሌለው፣ ፍርድ ቤት ገብቶ የማያውቅ ሽማግሌ ያንን ቀን ሲቆም አስቡት። ሕጉ ይሰረዝ አልልም። አስተርጓሚና ጠበቃ ከመጀመሪያው ቀን ይኑረው እላለሁ፤ ይህን ቃል የገባ እጩ ግን ከሁለቱም ወገን አልሰማሁም።

ዋናው ነጥቤ ላይ ልመለስ። ሰው የሚገድሉት በየከተማው ጥቂት የታወቁ ሰዎች ናቸው። በ2022 የተጀመረው «ሲዝፋየር ቨርጂኒያ» የተሰኘው ሥራ በ13 ከተሞች በእነዚህ ሰዎች ላይ አተኩሮ፣ ዐቃብያነ ሕግ መድቦ፣ የማኅበረሰብ ድርጅቶችንም ደግፎ ይሠራል። ከዚያ ወዲህ ግድያ ቀንሷል። ጠመንጃ ሳይከለከል።

ነርሷ፦ ቀንሷል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የቀነሰው ግን በቨርጂኒያ ብቻ አይደለም። የኮቪድ ወረርሽኝ ካባባሰው በኋላ በመላ አገሪቱ ወርዷል። በሜሪላንድ ግዛት ባለችው ባልቲሞርም በጣም ወርዷል፤ ሜሪላንድ ደግሞ ከ2013 ጀምሮ እነዚህን ጠመንጃዎች የከለከለች፣ ለሽጉጥም አሻራና ፈቃድ የምትጠይቅ ግዛት ናት። ስለዚህ መቀነሱን የቁጥጥር አለመኖር ውጤት አድርገው ሊያቀርቡት አይችሉም። ያ እገዳ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ብሎ በ2024 የወሰነው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደግሞ መቀመጫው ሪችመንድ ነው፤ ቨርጂኒያም በሥሩ ናት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በጁን 2025 ጉዳዩን ለማየት አልተቀበለም። የቀረው የገዥ ፊርማ ነው።

ባለሱቁ፦ እንዲያ ከሆነ መቀነሱ የእገዳውም ውጤት አይደለም ማለት ነው። ሁለታችንም አንወስደው።

በአንድ ነገር ግን ልስማማ። በጃንዋሪ 2023 በኒውፖርት ኒውስ የስድስት ዓመት ሕፃን በክፍል ውስጥ መምህሩን ተኩሶ አቆሰለ። ሽጉጡ የእናቱ ነበር፤ እናቱም ታሰረች። የተቆለፈ ሽጉጥ ሕፃን እጅ አይገባም። የእኔ በሱቅም በቤትም በሚቆለፍ ሣጥን ውስጥ ነው የሚያድረው። ግዛቱ በ2023 መሣሪያ መቆለፊያ ለሚገዛ ሰው እስከ 300 ዶላር የግብር ቅናሽ ፈቅዷል፤ የፈረሙትም ያንግኪን ናቸው። ስንቶቻችን እናውቀዋለን?

ነርሷ፦ ቅናሹን መፈረማቸው መልካም ነው። ልጆች ባሉበት ቤት መሣሪያን መቆለፍ ግዴታ የሚያደርገውን ረቂቅ ግን በ2024 ሻሩት። ቅናሹ የሚጠቅመው እንደ እርስዎ ለሚጠነቀቅ ሰው ነው። ያችን እናት የሚደርሳት ግዴታው ነበር።

ባለሱቁ፦ ቤቴ ውስጥ ገብቶ የሚቆጣጠር ማን ነው? ግዴታ ከሆነ ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ እኔን ደግሞ ተቆጣጣሪ ያስፈራኛል። ያም ሆኖ የመቆለፊያውን ረቂቅ ለብቻው ካቀረቡልኝ እንደ ፍቅረኛዋ ረቂቅ ሁሉ እመለከተዋለሁ። ከጠመንጃው እገዳ ጋር በአንድ ጥቅል አስረው ሲያቀርቡልኝ ግን ድምፄን ለቀረጥ፣ ለትምህርት ቤትና ለሱቄ ደኅንነት የተሻለ ሐሳብ ላላት እሰጣለሁ። የትኛዋ እንደሆነች ገና አልወሰንሁም።

ነርሷ፦ እኔ ወስኛለሁ፤ አስቀድሜም መርጫለሁ። ቅድመ ምርጫው ከሴፕቴምበር ጀምሮ ክፍት ነው። የተሻሩት ረቂቆች በጃንዋሪ ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ አንድ በአንድ ተመልሰው ሊቀርቡ ይችላሉ፤ እርስዎም ሁለቱን እደግፋለሁ ብለዋል። ማን ሊፈርማቸው እንደሚችል ያውቃሉ።