ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም

ውድ ጸሐፊ፣ በጎዳና ላይ የሚያድሩ ወገኖቻችንን ስለሚያጠቃው የግርሻ ትኩሳት፣ ማለትም ጋብ ብሎ መልሶ ስለሚያገረሸው በቅማል የሚተላለፍ በሽታ፣ ጽሑፍ ማውጣትዎ ያስመሰግንዎታል። መንስኤውን «የግል ንጽሕና ጉድለት» ብለው ማለፍዎ ግን ከንክኖኛል። የባሕር ዳር የጎዳና ልጆች ገላቸውን ይታጠባሉ፤ ጣና ደጃፋቸው ነው። ጠዋት በሐይቁ ዳር የሚያልፍ ሁሉ ያያቸዋል። ታጥበው ሲወጡ ግን ያንኑ ልብስ መልሰው ይለብሳሉ፤ ሌላ የላቸውምና።

በሽታውን የሚያስተላልፈው የልብስ ቅማል የሚኖረው በስፌት ውስጥ ነው፤ ወደ ገላ የሚመጣው ደም ለመምጠጥ ብቻ ነው። የኮሌታውን ወይም የወገቡን ስፌት ገልበጥ አድርጎ ያየ ሰው ቅጫሙን ተደርድሮ ያገኘዋል። የበሽታው መንስኤ የሆነው ባክቴሪያ ደግሞ ቅማሉ ሲጨፈለቅ ወጥቶ በተቧጨረ ቆዳ በኩል ይገባል። የሐይቁ ቀዝቃዛ ውኃ ለዚህ ምን ይፈይዳል? የሚያስፈልገው ልብሱን በፈላ ውኃ ማጠብ፣ እስኪደርቅም የሚለበስ ቅያሪ ነው። በክረምት ብርድ በረንዳ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ተጠጋግቶ የሚያድር ልጅ ይህን ከየት ያመጣል? ጥፋቱን በእርሱ ላይ መጫን ግፍ ነው።

ጽሑፉ የዘለለው ሌላም ነገር አለ። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ ፔኒሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን ያድናል። ሆኖም የመጀመሪያው መጠን በተሰጠ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ባክቴሪያዎቹ በብዛት ሲሞቱ ትኩሳቱ ይንራል፣ ብርድ ብርድ እያለ ያንቀጠቅጣል፣ የደም ግፊት ሊያሽቆለቁል፣ ሕይወትም ሊያልፍ ይችላል። አስታማሚ የሌለውን ልጅ መድኃኒት ሰጥቶ ማታውኑ ወደ በረንዳው መመለስ አደገኛ ነው። የከተማችን ጤና ተቋማት ቢያንስ ለዚያች ሌሊት አልጋ ይያዙላቸው።