ልብና ሳንባ በአንድ ቀዶ ሕክምና፦ የሊምፍ ዕጢዎቹስ?

የልብ ቫልቩ ሊቀየርለት ቀጠሮ የተያዘለት ሰው፣ በቅድመ ምርመራው ሲቲ ስካን ሳንባው ላይ የካንሰር ዕጢ ሊገኝበት ይችላል። ዕድሜና ሲጋራ ልብንም ሳንባንም ስለሚጎዱ ሁለቱ ሕመሞች ቢገጣጠሙ አይገርምም። ደረቱ አንዴ ከተከፈተ ሁለቱም ለምን አብረው አይሠሩም?

ሐሳቡን እደግፋለሁ። የአኦርታ ቫልቩ (ደም ከልብ ወደ ሰውነት የሚወጣበት በር) ክፉኛ የጠበበበት ሰው ለሳንባ ቀዶ ሕክምና ማደንዘዣ መውሰዱ ራሱ አደገኛ ነው። ቫልቩ ቀድሞ ተቀይሮ እስኪያገግም ሲጠበቅ ደግሞ ካንሰሩ ጊዜ ያገኛል። አንድ ማደንዘዣ፣ አንድ ማገገሚያ ለታማሚው ትልቅ እፎይታ ነው። የምቃወመው፣ በአንድ ጊዜ መጠናቀቁ ብቻውን እንደ ስኬት መቆጠሩን ነው።

በቀዶ ሕክምና ቫልቭ ሲቀየር ደሙ ልብንና ሳንባን ተክቶ በሚሠራ ማሽን ይዘዋወራል። በቱቦዎቹ ውስጥ እንዳይረጋም ሄፓሪን የተባለ መድኃኒት በከፍተኛ መጠን ይሰጣል። በዚያ ሰዓት ሳንባ መቁረጥ ለደም መፍሰስ ስለሚያጋልጥ፣ ብዙ ጊዜ ታማሚው ከማሽኑ ተላቅቆ ሄፓሪኑ በማርከሻው በፕሮታሚን እስኪመክን ይጠበቃል። የቦታውም ነገር አለ። የደረት መሃል አጥንት ተሰንጥቆ ሲገባ የቀኝ ሳንባ የላይኛው ክፍል እንደ ልብ ይደረስበታል፤ የግራው የታችኛው ክፍል ግን ከልብ ጀርባ ነው። እዚያ ለመድረስ ገና ከቀዶ የወጣን ልብ መግፋት የደም ግፊቱን ሊጥለው ይችላል። የአየር ቧንቧው ለሁለት ከሚከፈልበት ሥር ያሉት የሊምፍ ዕጢዎችም (ካንሰር ሲዛመት የሚደርስባቸው ትናንሽ የተፈጥሮ ዕጢዎች) በዚህ መግቢያ አይመቹም።

እኔን አጥብቀው የሚያሳስቡኝ እነዚህ የሊምፍ ዕጢዎች ናቸው። ካንሰሩ መዛመት አለመዛመቱን፣ ተጨማሪ መድኃኒት ማስፈለግ አለማስፈለጉን የሚያሳዩት እነሱ ናቸው። በጥድፊያ ከታለፉ ታማሚው አዲስ ቫልቭና ደረጃው በውል ያልታወቀ ካንሰር ይዞ ይወጣል።

ስለዚህ የልብ፣ የደረትና የካንሰር ሐኪሞቹ ከቀዶ ሕክምናው በፊት አብረው ይምከሩ። የካንሰሩን ስርጭት የሚያሳየው ምስል፣ ፔት ስካኑ ይታይ፤ የሚያጠራጥር የሊምፍ ዕጢ ካለ ናሙናው ቀድሞ ይመርመር። የሚተከለው ቫልቭ ዓይነትም ይታሰብበት፤ የብረቱ ቫልቭ ዋርፋሪን የተባለ የደም ማቅጠኛ ዕድሜ ልክ መውሰድን ይጠይቃል፣ ይህም ቀጣዩን የካንሰር ሕክምና ያወሳስባል። የጠበበ የአኦርታ ቫልቭን ደረት ሳይከፈት በካቴተር (በደም ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦ) መተካት እ.ኤ.አ. በ2002 ከተጀመረ ወዲህ ሌላም በር ተከፍቷል፦ ቫልቩ በካቴተር ተተክቶ፣ ሳንባው በጎን በኩል በወጉ ሊሠራ ይችላል። የሳንባው ዕጢ ትንሽና ከቀኙ የላይኛው ክፍል ዳር ከሆነ አብሮ ይውጣ። ከግራው ታችኛ ክፍል ከሆነ ግን ሁለተኛ ቀጠሮ መያዝን የምመርጠው ያለ ማመንታት ነው።