ለሦስቷ ደቂቃ እጅ እንነሣለን

ሰሞኑን ደግሞ ያ የተመድ የትጥቅ ማስፈታት ስብሰባ ፎቶ ተመልሶ መጥቷል። ታውቁታላችሁ፤ መሐል ላይ ሽበታም አምባሳደሮች፣ ዙሪያቸውን አንድ ዓይነት ካናቴራ የለበሱ ወጣቶች፣ ከሥሩ «ለትጥቅ ማስፈታት ትርጉም ያለው የወጣቶች ተሳትፎ» የሚል ጽሑፍ። እሰይ! ከ12,000 በላይ የኑክሌር አረር የተከመረባት ዓለም ካናቴራ ደርሶላታል።

አዘጋጆቹን በሰዓት አመራረጥ የሚስተካከላቸው የለም። ዋናው ጉባኤ ጠዋት ከ4 እስከ 7፣ ከሰዓት ከ9 እስከ 12 ነው። የወጣቶቹ መድረክ ከ7:15 እስከ 8:30 ይያዝለታል፤ አስተርጓሚው በሌለበት፣ ዲፕሎማቱ በራበው ሰዓት። ሳንድዊች ካለ አዳራሹ ይሞላል። ሳንድዊቹ ሲያልቅ ትርጉም ያለው ተሳትፎም አብሮ ያልቃል።

ዋናው አዳራሽ የደረሳት ተመራማሪ ግን ዕድለኛ ናት፤ 3 ደቂቃ ሙሉ ይሰጣታል። 180 ሰከንድ! እንቁጠረው። ማይክሮፎን ማብሪያውን መፈለጊያ፣ 10። ለክቡር ሰብሳቢውና ለጽሕፈት ቤቱ ምስጋና፣ 25። ራስን ማስተዋወቅ፣ 20። «የዓለም ሕዝብ ግማሹ ከ30 ዓመት አይበልጥም»፣ 15። «ወጣቶች የነገ ብቻ ሳንሆን የዛሬም መሪዎች ነን» (ይህ ካልተባለ ስብሰባው የተከፈተ አይመስልም)፣ 15። «እባክዎ ለአስተርጓሚዎቹ ቀስ ይበሉ» ሲሏት ያለፈውን መድገም፣ 20። የቀራት 75 ነው። ጥናቷን ትጀምራለች፦ ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ 8 ኪሎ ፕሉቶኒየም ከጠፋ አንድ ቦምብ ተሠርቶበት ሊሆን ይችላል ብሎ ይቆጥራል፤ በዓመት 8,000 ኪሎ ፕሉቶኒየም የሚያልፍበት ፋብሪካ ልኬቱ በ1 በመቶ ብቻ ቢዛነፍ 80 ኪሎ የት እንደገባ ማረጋገጥ አይቻልም፤ 80 ኪሎ ማለት ደግሞ አሥር... ቀዩ መብራት በራ። አሥር ምን እንደሆነ የጠየቀ የለም። ጭብጨባው ግን ሞቅ ያለ ነበር፤ ሰብሳቢውም «እነዚህን ብሩህ ፊቶች ስናይ ተስፋችን ይለመልማል» ብለው ወደ ቀጣዩ ተናጋሪ አለፉ። ጥናቱን በኢሜይል ትላከው ተብሏል።

የውሳኔዎቹ ቋንቋም ቢሆን ይደነቃል። እ.ኤ.አ. በ2019 የተመድ ጠቅላላ ጉባኤ ስለ ወጣቶችና ትጥቅ ማስፈታት ውሳኔ 74/64ን ሲያጸድቅ፣ አገራት ትርጉም ያለውንና ሁሉን አካታች ተሳትፎ እንዲያስፋፉ «አበረታታ»። ማበረታታትን የመሰለ ግስ የት ይገኛል? በጀት አይጠይቅ፣ ወንበር አያስለቅቅ።

ምጸቱ ይቆየን። የውሳኔዎቹ ረቂቅ የሚጻፈው በዝግ ምክክር ነው። ወጣት ተመራማሪ የጻፈችው ነገር የሚሠራው ረቂቁ ከመውጣቱ በፊት በአንድ ልዑክ እጅ ከገባ፣ ልዑኩም አንቀጽ አድርጎ በአገሩ ስም ካቀረበላት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የሚደረግ ንግግር ለቃለ ጉባኤ ማሞቂያ ነው። ጋባዦቿ ይህን አሳምረው ያውቃሉ። እያወቁ ስድስት ወር ያለ ደመወዝ ያሠሯታል። ዓለም በ2024 ብቻ 2.7 ትሪሊዮን ዶላር ለጦር ኃይል አውጥታ፣ ለእሷ የትራንስፖርት በጀት የለም ይሏታል። ነውር ነው።

ይቅርታ፣ ማመስገኑን ረሳሁ። ጄኔቫ ላይ 65 አገሮች የሚቀመጡበት የትጥቅ ማስፈታት ጉባኤ አለ፤ አንዱ እምቢ ካለ አጀንዳው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ይከርማል። ለመጨረሻ ጊዜ የተደራደረበት ስምምነት እ.ኤ.አ. የ1996ቱ የኑክሌር ሙከራ እገዳ ነው፤ እሱም እስካሁን ሥራ ላይ አልዋለም። የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ 2250 ወጣት ያለው ከ18 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። እንግዲህ በ1996 የተወለደችዋ፣ ጉባኤው ሥራ እስኪጀምር ስትጠብቅ፣ ከወጣትነት በክብር ተሰናብታለች። በምትኳ የ18 ዓመት ልጅ ተጋብዛለች። ካናቴራው ታጥቦ ይጠብቃታል።