የወጥ ቤታችን ልጣጭ ረጲ ምን ይሠራል?

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት ረጲ ላይ የቆሻሻ ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ ቤታቸው ውስጥ እንዳሉ ነው የተቀበሩት። ቦታውን ሁላችንም ቆሼ ብለን እናውቀዋለን። ከዚያ ወዲህ ስለ ቆሼ ብዙ ተብሏል፣ ተጽፏል። ወደዚያ ስለምንልከው ነገር ግን ያወራነው ትንሽ ነው። ከአዲስ አበባ ቤቶች ከሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ የሚበሰብስ ነው። ልጣጭ ነው፣ ቅጠል ነው፣ የምግብ ትራፊ ነው። ይህ ሁሉ በመኪና ተጭኖ ረጲ ድረስ መሄድ አልነበረበትም። እዚያው የወጣበት ግቢ ውስጥ አፈር መሆን ይችል ነበር።

የአንድ ቀን የወጥ ቤት ቆሻሻን ልብ ብላችሁ እዩት። የሽንኩርት ልጣጭ አለ፤ እኛ ቤት ያለ ሽንኩርት ወጥ የለም። የድንች ልጣጭ፣ የጎመን አገዳ፣ የእንቁላል ቅርፊት አለ። ቡና በተፈላ ቁጥር የሚደፋ አተላ አለ። በነሐሴ የበቆሎ ቆረቆንዳ ይጨመራል። በዓል ሲመጣ ደግሞ ወለሉ ላይ የተጎዘጎዘው ቄጤማ በማግስቱ ተጠራርጎ ይወጣል። ይህን ሁሉ ፌስታል ውስጥ አጭቀን፣ ከዳይፐርና ከተሰበረ ብርጭቆ ጋር ቀላቅለን እናስራለን። የታሰረ ፌስታል ውስጥ አየር የለም። አየር ያጣ ልጣጭ ደግሞ ይሸታል፣ ውሃ ያንጠባጥባል። ተከምሮ ሲታፈን ሚቴን ጋዝ ያወጣል። ሚቴን የሚቀጣጠል ጋዝ ነው፤ አየር ንብረቱንም ይጎዳል።

ረጲ ላይ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ተመርቋል። መልካም ሥራ ነው፤ አልቃወምም። ግን እርጥብ ልጣጭ እሳት አይወድም። መጀመሪያ ውሃው እስኪተን ድረስ ራሱ ሙቀት ይበላል። ስለዚህ እርጥቡን ከቤት ብንለየው ጣቢያውም ይጠቀማል።

ልጣጭን አፈር ማድረግ ከውጭ የመጣ ፋሽን የሚመስለው ሰው ካለ ጉራጌ ወይም ሲዳማ ይሂድ። ከቤቱ ጀርባ ያለው እንሰት እንደዚያ የሚያምረው የከብቱ እበት፣ አመዱና የቤቱ ጥራጊ ስለሚደርሰው ነው። በትግራይም በ1980ዎቹ መጨረሻ የዕፅዋት ተመራማሪዎቹ ዶ/ር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ሱ ኤድዋርድስ ከገበሬዎች ጋር ሆነው ኮምፖስትን፣ ማለትም ከበሰበሰ ቅጠል፣ ልጣጭና እበት የሚሠራውን ማዳበሪያ፣ በማሳ ላይ ፈትነውታል። በደንብ የተሠራ ኮምፖስት ያገኘ ማሳ ምንም ካልተደረገለት ማሳ እጅግ የበለጠ ምርት ሰጠ። በብዙ ቦታ ከፋብሪካ ማዳበሪያም አላነሰም። ዩሪያን በአንድ ቀን እንተወው እያልኩ አይደለም። ግን ማዳበሪያ በውጭ ምንዛሪ የምትገዛ አገር፣ በየቀኑ ይህን ያህል የአፈር ምግብ ጭና ቆሼ መድፋቷ ያንገበግባል።

ሰው የሚፈራው ሁለት ነገር ነው፤ ሽታና አይጥ። ሁለቱም መላ አላቸው። ኮምፖስት የሚሸተው እርጥብ ሲበዛበትና አየር ሲያጣ ነው። አንድ ባልዲ ልጣጭ በተደፋ ቁጥር ሁለት ባልዲ ያህል ደረቅ ነገር ላዩ ላይ ይልበስ። ደረቅ ቅጠል ይሆናል፣ ገለባ ይሆናል። ከሁሉም የሚቀለው ግን ሰጋቱራ ነው፤ በየሰፈሩ ያሉ እንጨት ቤቶች የሚያደርጉበት ጠፍቷቸው ያቃጥሉታል። ቀለምና ማጣበቂያ የነካው እንዳይሆን ብቻ መጠንቀቅ ነው። የባህር ዛፍ ቅጠልም ባይበዛበት ይመረጣል፤ ቶሎ አይበሰብስም። አይጥና ውሻ የሚጠራው ደግሞ ሥጋ፣ አጥንትና ቅባት ያለው ወጥ ነው። እነዚህ አይገቡም።

ክምሩ በደህና መሥራቱን ለማወቅ የግብርና ባለሙያዎች ለገበሬው የሚያሳዩት ዘዴ አለ። ረጅም ዘንግ መሀሉ ድረስ ይሰካና ትንሽ ቆይቶ ይነቀላል። ጫፉ ሲነካ የሚሞቅና እርጥበት ያለው ከሆነ ሥራው እየሄደ ነው። ከደረቀ ውሃ ይፈልጋል። ከቀዘቀዘ መገላበጥ አለበት። በደንብ የተሠራ ክምር ውስጡ ከ55 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ የአረም ዘርና ብዙ የበሽታ ተሕዋስያን እዚያ ሙቀት ላይ ይሞታሉ። እየተገላበጠ ከቆየ በጥቂት ወራት ውስጥ ጥቁር፣ ፍርክስክስ የሚል አፈር ይሆናል። ልጣጩን ብትፈልጉት አታገኙትም።

ግቢ ያለው ሰው ይህን ዛሬ መጀመር ይችላል። እኔን የሚያሳስበኝ ኮንዶሚኒየሙ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ባልዲውን የት ይድፋ? መልሱ ያለው ጋራ ቦታው ላይ ይመስለኛል። በየሳይቱ ከኮሚናሉ ጀርባ ማንም የማይጠቀምበት፣ አሮጌ ሶፋ የሚጣልበት ጥግ አለ። ጎን ለጎን ሦስት የእንጨት ሣጥን ማቆም በቂ ነው። አንዱ የሚሞላ፣ አንዱ የሚበስል፣ አንዱ የደረሰ። ለቀብርና ለለቅሶ ድንኳን ተክለን፣ ብረት ድስት ቆጥረን፣ ተራ ገብተን የምንሠራ ሕዝብ ነን። በሳምንት አንድ ቀን ክምር ማገላበጥ ከዚያ አይከብድም።

ከነዋሪው በላይ የሆነው ነገር ክፍያው ነው። ቆሻሻ ከየቤቱ የሚሰበስቡት ማኅበራት ገንዘብ የሚያገኙት ባነሱት መጠን ነው። ብዙ ካነሱ ብዙ፣ ትንሽ ካነሱ ትንሽ። እንዲህ ከሆነ ልጣጩ ግቢ ውስጥ ሲቀር እንጀራቸው ተነካ ማለት ነው። በእነሱ አልፈርድም፤ ፀሐይና ዝናብ ሳይሉ ጆንያ የሚጎትቱት እናቶችና ወጣቶች ናቸው። ከተማው ለተለየና ኮምፖስት ለሆነ ልጣጭም እንደዚያው ይክፈላቸው። እንዲያውም ጨምሮ ይክፈል፤ የመኪናው ነዳጅና የረጲ ቦታ ይተርፍለታል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 513 ቤተሰቦች እንደገና ጥቅም ላይ የሚውለውን ቆሻሻ እንዲለዩ ያዝዝ ነበር። የተለየውን ለይቶ የሚወስድ ከሌለ ግን ትእዛዙ ወረቀት ላይ ይቀራል። ጠዋት የለየነው ከሰዓት አንድ ጆንያ ውስጥ ሲገባ ያየ ሰው ሁለተኛ አይለይም።

«አፈሩን ማን ይወስደዋል?» የሚል አይጠፋም። በየመንገዱ ዳር ያሉት ችግኝ ሻጮች ይወስዱታል፤ ዛሬ ችግኝ የሚፈላው ከየጫካው ሥር ተቆፍሮ በሚመጣ አፈር ጭምር ነው። ከተማው ራሱ በኮሪደር ልማቱ ለተከላቸው ዛፎችና አበቦች ያስፈልገዋል። በጣሳና በአሮጌ ጎማ ቆስጣና ሰላጣ የምታበቅል ጎረቤት በየብሎኩ አለች።

የሚቀጥለው የብሎክ ስብሰባ ላይ ከጥበቃ ደሞዝና ከውሃ ታንከር ቀጥሎ ይህ አጀንዳ ይያዝ። ቦታው የት ይሁን? ሰጋቱራውን ማን ያመጣል? ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያገላብጡት እነማን ናቸው? እነዚህ መልስ ካገኙ በሚቀጥለው ሳምንት መጀመር ይቻላል።