ሞተሩ እየሠራ ሜዳ ላይ ማረፍ ጥፋት አይደለም
«የአውሮፕላኑ ሞተር እየሠራ ለምን እርሻ ላይ አረፈ? አብራሪው ነው ጥፋተኛው» የሚለው አስተያየት መታረም አለበት። የጥንቃቄ ማረፍ የሚባለው ራሱ ሞተሩ እየሠራ የሚደረግ ነው። ነዳጅ እያነሰ፣ ደመና እየወረደ ወይም እየመሸ ሲሄድ አብራሪው ቀድሞ ይወስናል። ሞተሩ እስኪጠፋ ከጠበቀ ምርጫ አይኖረውም። ኃይል እያለው ግን ዝቅ ብሎ ሜዳውን ይቃኛል። የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ? ቦይስ? ነፋሱ በየት በኩል ነው? ካላማረው ትቶት ሌላ ይፈልጋል። ይሄ በጣም ትልቅ ዕድል ነው!

አዎ፣ አደጋ ሊደርስ ይችላል። ለስላሳ አፈር የፊት ጎማውን ውጦ አውሮፕላኑን ሊገለብጠው ይችላል። ግን ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ የግጭቱ ጉልበት ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዞ፣ ፍጥነት ቀንሶ ሲያርፍ አውሮፕላኑ ቢጎዳም ሰዎቹ የመትረፍ ዕድላቸው ሰፊ ነው።